የጋሼ እንድሪስ ዝምተኛ ውሃ

ጋሼ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። የደወለችልኝ የላቦራቶሪያችን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። "ትርንጎ፣ ጋሼ እንድሪስ…" ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ገባኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ሳለሁ ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "አይዞሽ ልጄ፣ ኀዘን ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል" ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ግን የሳቅሁት ጋሼ እንድሪስ ጡረታ በወጡ ቀን ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ነው። "ስሞት ቶሎ ቅበሩኝ። ዘመድ እስኪመጣ ብላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳታስገቡኝ፤ ማቀዝቀዣ ለናሙና ነው የተሠራው" ነበር ያሉኝ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ሥራቸው ምን እንደነበር እየተከራከረ ነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ "የዓሣ ሐኪም ነበሩ" ይላል። ከአምባሰል የመጡ አንድ ሽማግሌ "ኧረ የፍየል ነው። የኔን ፍየል አፍንጫ በጥጥ ጠርጎ፣ ጥጡን እንደ ወርቅ አሽጎ ይዞት ሄዷል" ይላሉ። ሌላው "የኮምፒውተር ሰው" አለ። ነገሩ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "እኔን አትጠይቁኝ። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር፣ ምን ሠርተህ ዋልህ ስለው 'ስሰማ ዋልኩ' ነው የሚለኝ" አሉ።

እትዬ ዘሀራ ሳያውቁት ልክ ተናግረዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያ ትንሽ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስቀጠር ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ እንድሪስ ናቸው፤ መጀመሪያ ያስተማሩኝም ዝም ብሎ መስማትን ነው።

ቁመታቸው አጭር፣ ሆዳቸው ወጣ ያለ፣ መነጽራቸው በቁስል መስፊያ ክር ከአንገታቸው የተንጠለጠለ ሰው ነበሩ። ነጭ ካፖርታቸውን እስከ ጉሮሯቸው ቆልፈው፣ ማንኛውንም ሥራ ሲጀምሩ ቆም ብለው ይመርቃሉ። "ሥራችን ይቅና፣ እጃችን አይሳት፣ መብራት አይጥፋ፣ አሚን በሉ" ይላሉ፤ እኛም ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን እንላለን። ያልገባቸውን ነገር ሲጠየቁ አላውቅም አይሉም። "ገና አልተነገረኝም" ነው መልሳቸው። የሚነግራቸው አለቃችን እንዳይመስላችሁ። በጉ፣ ዶሮው፣ ፍየሉ ነው የሚነግራቸው።

የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያ ሊመጣልን ነው የተባለ ጊዜ አለቃችን የማሽኑን ግዝፈት በልቡ ሠርቶ የበሩን መቃን አስፈረሰ፤ ከጥድ ትልቅ ጠረጴዛም አሠራ። መሣሪያዋ መጣች። ካርቶኑ ሲከፈት ከመዳፍ የማትበልጥ፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ በሽቦ ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ ነገር ሆና ተገኘች። ሁላችንም የአለቃችንን ፊት ላለማየት ወደ ጣሪያ አንጋጠጥን። ጋሼ እንድሪስ ግን የፈረሰውን በር አየት አድርገው፣ ሆዳቸውን ደባብሰው፣ "እሰይ፣ ከእንግዲህ እኔም በደንብ አልፋለሁ" አሉ። መሣሪያዋንም "እሜቴ" ብለው ጠሯት። ያለ ቅዝቃዜ አትሠራም፣ መብራት ሲወላወል ታኮርፋለች፣ የቀረበላት ነገር ትንሽ ካደፈ አታነብም፤ እውነትም እሜቴ።

ከእሜቴ ጋር የተያያዘ አንድ ልማድ ነበራቸው። በአንድ ዙር አሥራ ሁለት ብልቃጥ ይሰናዳል። በአሥራ አንዱ ውስጥ ናሙና ይገባል፤ በአሥራ ሁለተኛው ግን የተጣራ ውሃ ብቻ። ያ ውሃ እንደ ሌሎቹ ይታጠባል፣ ይቀላቀላል፣ ይሞቃል፣ ይነበባል። ለናሙናው የሚደረገው ሁሉ ይደረግለታል፤ ናሙና ግን የለበትም። በየብልቃጡ ላይ ቁጥር ስንጽፍ ጋሼ እንድሪስ በውሃው ብልቃጥ ላይ የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ፤ "እንድሪስ"። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ቀን ጠየቅኋቸው።

"በጉ ይናገር፣ እኔ ዝም ልበል" አሉኝ። "ይሄ ብልቃጥ የተናገረ ዕለት ያ ድምፅ የበጉ አይደለም፤ የኔ እጅ ነው። ዝም እንዲል የተቀጠረ ምስክር ነው ትርንጎዬ። እሱን ሳትጠይቂ ማንንም አትመኚ፤ እኔንም ጭምር።"

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን የሐይቁ ዓሣ ማለቅ የጀመረ ጊዜ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከጠራ በኋላ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ እየተንሳፈፈ ዳር ይወጣ ጀመር። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ቆዳው ጠቁሯል። አስጋሪዎቹ ዞር ዞር ሲሉ ሐይቁ ዳር ካሉት ማሳዎች ሁሉ አረንጓዴው የአያ ሙሄ የሽንኩርት ማሳ ነው። አያ ሙሄ የእትዬ ዘሀራ ታናሽ ወንድም ነው። በዚያው ሰሞን ሽንኩርቱን ፀረ ተባይ ሲረጭ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። "ሐይቁን መረዘው" ተባለ። የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አባባ ደምሌ፣ በሐይቁ ላይ ያረጁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። እሳቸው ገበያ መሀል ቆመው፣ "ሙሄ ዓሣችንን ገድሏል። ከእንግዲህ ለደስታውም ለኀዘኑም አንደርስለትም" አሉ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የአያ ሙሄ ልጅ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኛ አገር ሠርግ ላይ ወጡ ቢጎድል ይሞላል፣ ዘፋኝ ቢጠፋ ሴቶቹ ያወጡታል። ጎረቤት ያልመጣበት ሠርግ ግን ልጅቱን እስከ ልጅ ልጅዋ ሲያስጠራት ይኖራል። እስላሙም ክርስቲያኑም "የመርዘኛው ልጅ" ያላትን ሙሽራ ማን ይመርቃታል? አያ ሙሄ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አያ እንድሪስ፣ እህቴን የሰጠሁህ ለዚህ ቀን ነው" አለ።

"አብሽር" አሉት ጋሼ እንድሪስ። "ዓሣውን እንጠይቀዋለን።"

ለመርዝ ምርመራ የሐይቁን ውሃ ወደ ሌላ ቦታ ላክን፤ ንጹሕ ነው ተብሎ ተመለሰ። አባባ ደምሌ "ውሃ እንደሆነ ይሄዳል፣ መርዙም አብሮት ሄዷል" አሉ። ጋሼ እንድሪስ በዚህ አልተቆጡም። ይልቅ "ልክ ነው፣ ውሃ ይሄዳል" አሉና ሌላ ነገር ጠየቁ፤ "አምባዛውስ ይሞታል?" ሌላው ዓሣ አምባዛ ደህና ነበር። እንቁራሪቱም፣ ትንንሹ ዓሣም ደህና። የሚሞተው ቆሮሶ ብቻ። "መርዝ እንዲህ ዘር አይመርጥም" አሉኝ ስንመለስ፣ "የሚመርጥ ነገር ነው የገባበት።"

ናሙና ልንወስድ የወረድን ቀን አስጋሪዎቹ ከበቡን። ከመካከላቸው አንዱ "የምታውቁትን የበሽታ ምርመራ አድርጋችሁ አትገላግሉንም?" አለ። ጋሼ እንድሪስ ሣሩ ላይ ተቀመጡና፣ "የምናውቀው ምርመራ ስም ጠርቶ 'እገሌ፣ አለህ?' እንደማለት ነው። ይሄን ሌባ ደግሞ ስሙን አናውቀውም። ስለዚህ በሩን ከፍተን ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እናነባለን" አሉ። እንዴት እንደሚነበብ ሊያሳዩ ደግሞ ሦስት አስጋሪዎች አስነሥተው በጆሯቸው አንዳንድ ነገር አንሾካሾኩ።

"በሉ፣ በየተራ ተናገሩ።"

የመጀመሪያው "ያምባሰልን ነፋስ አድርጋ ከለላ" አለ። ሁለተኛው "ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ታጥባለች" አለ። ሦስተኛው "ታጥባለች ነጠላ ያምባሰልን" አለ።

"አሁን እናንተው አሰልፏቸው" አሉ ጋሼ እንድሪስ። አስጋሪዎቹ እየሳቁ ጓደኞቻቸውን ገፋ ገፋ አድርገው፣ የአንዱ ጫፍ ከሌላው መነሻ ጋር እስኪገጥም አቆሟቸው፤ ግጥሙም ወጣ።

ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ታጥባለች ነጠላ፣
ያምባሰልን ነፋስ አድርጋ ከለላ።

"እሜቴ የምትሠራው ይሄንኑ ነው። ሌባው እንደጠረጠርኩት ቫይረስ ከሆነ፣ ጽሑፉ በስስ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ቶሎ ይበጣጠሳል። መጀመሪያ ወደ ጠንካራ ወረቀት እንገለብጠዋለን፤ እሷ ቁርጥራጩን ታነበዋለች፤ እኛ ጫፍና ጫፉን እያየን እንገጥመዋለን። ግጥሙ ሙሉ ሲሆን በዓለም ያለውን ዘፋኝ ሁሉ፣ ይሄን ታውቃለህ? ብለን እንጠይቃለን። የሚያውቀው ከተገኘ የድሮ በሽታ ነው። ካልተገኘ አዲስ ነው።" አባባ ደምሌ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙ። ሲያበቃ ግን "ሌባው ያንተ አማች ነው" ብለው ተነሡ።

እንዲያም ሆኖ የአገሩ ወግ አይቀርምና፣ አስጋሪዎቹ ስንሄድ አራት የሚያማምሩ ቆሮሶዎች ሰጡን፤ ያልታመሙ፣ ክንፋቸው የሚያበራ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። እንግዳም የተሰጠውን አይመልስም። አሁን የማወራው የኔን ጥፋት ነው። የወጥ ቤቱ ቢላ ዶልዱሞ ነበር። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ዓሦቹን ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ በንጹሑ መቀስ፣ የተጣራው ውሃ ከሚቀዳበት ገንዳ ላይ አጸዳኋቸው። ምሳችን በቃሪያና በሽንኩርት ተጠብሶ ቀረበ። ሽንኩርቱ ከአያ ሙሄ ማሳ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ሁለት በሉ።

በነጋታው እሜቴ ማንበብ ጀመረች። እኩለ ቀን ላይ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ፣ እስካሁን ከሚታወቁት ከየትኛውም ጋር ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ግጥም መውጣት ጀመረ። አለቃችን ከመቀመጫው ተነሥቶ "አዲስ ቫይረስ" አለ፤ ስልኩን አንሥቶ ለአያ ሙሄ ደወለ። ወዲያ ማዶ ሴቶች እልል ሲሉ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ለአለቃችን አልፈርድበትም፤ እኔም እልል ልል ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን መነጽራቸውን አጥልቀው የላፕቶፑን ገጽ ወደ ታች እየገፉ ወደ አሥራ ሁለተኛው ብልቃጥ ወረዱ። የራሳቸው ስም ወደተጻፈበት።

እንድሪስ ዘፍኗል። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። የዘፈነው ግን ያንኑ ግጥም ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ማን አደረገው ብለው አልጠየቁም። ሁላችንን ክብ አስቀምጠው፣ "ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እጃችሁ የነካውን ሁሉ ንገሩኝ፣ እኔም እነግራችኋለሁ" አሉና ከራሳቸው ጀመሩ። ተራዬ ሲደርስ ጓንቱን፣ ፈሳሽ መቅጃውን ፒፔት፣ በሩን ቆጠርኩ። መቀሱን ዘለልኩት። እሳቸው "ሌላስ?" አሉኝ። መቀሱንም፣ ገንዳውንም፣ ዓሦቹንም ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ቁጣቸውን ስጠብቅ፣

"ጣፍጦሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"እኔም ሁለት በልቻለሁ፤ ከየት እንደመጣና የት እንደተበለተ ሳልጠይቅ። ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መቀስ አንድም ቀን በቁጣ አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔ እስከ ዛሬ መቀስ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

አለቃችን ግራ ተጋባ። "ጋሼ፣ የውሃው እኮ ጥቂት ነው። የታመሙት ዓሦች ውስጥ ያለው ግን ብዙ ነው። ቫይረሱ እንዳለ እኔም አንተም እናውቃለን። ሰውየው ደግሞ አማችህ ነው፤ ልጅቱ ልትዳር ነው።"

"አማቼ ስለሆነ ነው" አሉ ጋሼ እንድሪስ። "ባዳ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እፈተን ነበር።"

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አያ ሙሄ አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ሆኖ መጣ፤ ስልኩን ሰምቷልና። ጋሼ እንድሪስ ተነሥተው ቆሙ። "ያ ጀማዓ፣ የተናገርነው አይጽናብን። አዲስ በሽታ ያገኘን መስሎን ነበር። ግን ዝም ማለት የነበረበት ውሃ ተናገረ። እናንተ በቅን ልብ የሰጣችሁንን ዓሣ በማይበለትበት ቤት በልተነዋል፤ የሰማነው የታመመውን ዓሣ ይሁን የምሳችንን ለይተን ልንምል አንችልም። ዛሬ የምነግራችሁ የለኝም። ገና አልተነገረኝም።"

የአያ ሙሄ ፈገግታ ሲጠፋ ማየት ከባድ ነበር። ተነሥቶ፣ "አያ እንድሪስ፣ አንድ ቃል ነበር የጠየቅሁህ" አለና ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘሀራም ለባላቸው እራት አቅርበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ይሄን በኋላ ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ጋሼ እንድሪስም ለብቻችን ስንሆን አንድ ጊዜ "ትርንጎዬ፣ ሠርጉ እንዲህ ሆኖ ቢያልፍ ያቺን ልጅ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?" አሉኝ።

በቅዳሜው ስብሰባ ላይ አባባ ደምሌ ብቻ በሌላ ዓይን አዩዋቸው። "ለአማቹ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም" አሉ ጮክ ብለው። ቀጠሉና፣ "ቢሆንም አላምነውም" አሉ።

"እውነትዎን ነው" አሉ ጋሼ እንድሪስ። "እኔም በርስዎ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር። ስለዚህ ዓሣውን አንቱ ይያዙት፣ ብልቃጡን አንቱ ይቁጠሩት። የታመመው የቱ እንደሆነ፣ ጤነኛው የቱ እንደሆነ፣ ውሃው የቱ እንደሆነ አንቱ ብቻ ይወቁ። ዝርዝሩን ጽፈው በኪስዎ ይዘው ይዋሉ። እኛ ቁጥር ብቻ እናነባለን።"

አባባ ደምሌ በዕድሜያቸው ብዙ ውል ተዋውለዋል፤ እንዲህ ያለውን ግን ያን ቀን መጀመሪያቸው ነበር። ተስማሙ።

ሐይቁ ላይ የወጣነው በአባባ ደምሌ ጀልባ ነው። ጋሼ እንድሪስ ዋና አይችሉም ነበር። ይህንን ሁሉ ዘመን ሐይቅ ዳር ኖረው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ግራና ቀኝ ጠርዙን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የቁርኣኑን ፋቲሐ ይቀራሉ። አባባ ደምሌ እየቀዘፉ፣ "አንተ እንድሪስ፣ ዓሣውን ልትመረምረው ነው ወይስ ልትቀላቀለው?" አሏቸው። ጋሼ እንድሪስ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ "ከተቀላቀልኩ ትርንጎ ትመርምረኝ። መቀሱን ግን አጥባ" አሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው በመቀሱ የቀለዱብኝ፤ እሱም ልቤ ቀለል እንዲለኝ ብለው ነው። ሦስታችንም ሳቅን፤ ጀልባዋ ተናወጠች፤ ፋቲሐው እንደገና ተጀመረ።

የታመመውን ቆሮሶ በአያ ሙሄ ማሳ በኩል፣ ጤነኛውን በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ያዝን። ዳር ስንደርስ አባባ ደምሌ ሁላችንን አርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን በየብልቃጡ ናሙናውን ጨመሩ፤ እኔ ከሩቅ ጓንት ቀይሩ፣ መቀስ ቀይሩ እያልኩ እጮሃለሁ። ዝርዝሩን በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ከተቱ። ላቦራቶሪ ውስጥ የነበረውን መቀስ፣ ገንዳና ፈሳሽ ሁሉ አስወግደን ከአዲስ ጀምረናል። አለቃችንም ንጹሕ ክፍሉ በር ላይ "ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፈ። ጋሼ እንድሪስ ከሥሩ በእስክሪብቶ "በተለይ ለእንድሪስ" ብለው ጨመሩበት።

እሜቴ የተሰካችው ጠዋት ነው፤ ምርቃቱ ያን ቀን ረዘም አለ። አባባ ደምሌ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በፈረሰው በር ላይ ተቀመጡ። በየሰዓቱ "ዘፈነ?" ይላሉ። "አሁን ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው" ይላሉ ጋሼ እንድሪስ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ሁለት ጊዜ ሁላችንም ቆመን ጸለይን፤ በየሃይማኖታችን። አሥር ሰዓት ላይ ውጤቱ ሲያልቅ አያ ሙሄም ሽማግሌዎቹም ግቢው ውስጥ ነበሩ። አያ ሙሄ ከአማቹ ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

ጋሼ እንድሪስ ላፕቶፑን ወደኔ አዞሩት። "አንቺ አንብቢ፤ እኔ ዘመድ ነኝ።"

አነበብኩ። "የዘፈኑት አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ።"

አባባ ደምሌ ላስቲኩን ፈቱ። ወረቀቱን ከፀሐዩ ጋር አስተካክለው፣ "አንድ የታመመ። ሁለት የታመመ። አራት የታመመ። ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፤ የታመሙ" አሉ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "አሥር ግን ጤነኛ ነው።"

ጋሼ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጤነኛ የሚመስል ነው አባባ። ምሳ እንደበላነው ዓሣ፤ ተሸክሞታል፣ ገና አልጣለውም።"

"የቀሩት ጤነኞች ዝም ብለዋል" አሉ አባባ ደምሌ፣ እንደ ዳኛ እያንዳንዱን በጣታቸው እየነኩ። "ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት።" ወረቀቱን ዝቅ አደረጉና እኔን አዩኝ። "ሰባትስ?"

ወደ ሰባተኛው ረድፍ ወረድኩ። ባዶ ነበር። አንድም ቁርጥራጭ የለም። እንደገና አየሁት፤ ለሦስተኛ ጊዜም አየሁት፤ መቀሱ ዓይኔ ላይ ነበርና። "ሰባት ዝም ብሏል" አልኩ።

አባባ ደምሌ ወረቀቱን ለሁሉም እንዲታይ አዞሩት። ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት በተጣመመ እጅ ጽሑፍ "እንድሪስ" ተብሎ ተጽፏል። "ልማድህን ነግረውኝ ነበር" አሉ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሼ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የጠረጉት ግን መነጽሩን ብቻ አልነበረም። ከዚያ አባባ ደምሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ ወደ አያ ሙሄ ሄዱ፣ ትከሻውን ሳሙት። "አፈር በአፌ ሙሄ። ዓሣችንን የገደለ ሌላ ነው፤ ስም እንኳ ያልወጣለት" አሉ።

ግጥሙን ትልቅ ላቦራቶሪ ላክነው፤ እነሱም አንብበው ያንኑ አሉ። ከሚታወቅ የዓሣ ቫይረስ ቤተሰብ ነው፤ እሱ ራሱ ግን የትም አልተመዘገበም። ጋሼ እንድሪስ ለአስጋሪዎቹ ሲነግሩ፣ "ቅኝቱ አምባሰል ነው፤ ግጥሙን ግን የሚያውቅ የለም" አሉ። ሰው ላይ እንደሚደርስ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም፤ "እስካሁን የተነገረኝ ይሄ ነው" ብለው ጨመሩ። አስጋሪዎቹም የሞተውን እየለቀሙ መቅበር፣ መረብ ማጠብ፣ የታመመበትን ዳር ለጊዜው መተው ተማሩ። ዓሣውም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሠርጉ ላይ አስጋሪዎቹ በሙሉ መጡ። ይዘው የመጡት አምባዛ ብቻ ነበር፤ ቆሮሶ ለማምጣት የደፈረ የለም። ጋሼ እንድሪስ እስክስታ ሲወርዱ ሆዳቸው ከትከሻቸው ቀድሞ ይሄድ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ከበሮውን ይዛ፣

ውሃ ዝም አለ ወይ ብለው ቢጠይቁት፣
ዝም ብሏል አላቸው የሙሽራዋ አጎት።

ብላ ስታወጣ፣ አያ ሙሄ አማቹን በጫንቃው ተሸክሞ ድንኳኑን ዞረ። እትዬ ዘሀራ ያን ማታ እራቱን ፊት ለፊት ተቀምጠው አቀረቡ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ክርክሩ ሲበርድ ይሄን ሁሉ ለእነዚያ ሰዎች ነገርኳቸው። አባባ ደምሌ አሁን ዓይናቸው ፈዟል፤ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ሰባት፣ እንድሪስ። "ይዤው ነበር" አሉ። "አሁን አንቺ ያዢው።"

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ከአምባሰል የመጣ የፍየል ናሙና ይጠብቀኝ ነበር። መቀሱን አጥቤ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ደረደርኩ፣ መረቅሁ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም አሚን አሉ። በመጨረሻው ብልቃጥ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። አሥር ሰዓት ላይ ገጹን ወደ ታች እየገፋሁ ወደ እሳቸው ረድፍ ወረድኩ። ዝም ብለዋል። ሁልጊዜ የምመኘው ይሄንኑ ነበር፤ ያን ቀን ግን፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢናገሩ ምን ነበረበት ብዬ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።